በቅጡ መኮነን፦ ስለ «ኮነነ» ግሥ ትርጉምና አገባብ



በየስብሰባ አዳራሹና በየማስታወቂያ ሰሌዳው ከምናያቸው ቃላት መካከል «እንኮንናለን» የሚለውን ያኽል የሚዘወተር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የምግብ ቤቱ ወጥ ሲቀጥን እንኮንናለን፤ በሩቅ አገር ጦርነት ሲነሣ እንኮንናለን፤ የመብራት መጥፋት፥ የአንድ ባለሥልጣን ንግግር፥ የአንድ ተማሪ ጽሑፍ፥ ሁሉም በዚሁ በአንድ ቃል ይኮነናል። ቃሉ ከባድ ስለ ሆነ ተናጋሪውን ከባድ ሰው ያስመስለዋል፤ የሚወደደውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን አንድ የሚዛን ድንጋይ ለወርቁም ለእህሉም ካገለገለ፥ ሻጭ ወይም ገዥ መጎዳቱ አይቀርም። ቃልም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ይህ ግሥ ከየት እንደ መጣ፥ ከዘመዶቹ በምን እንደሚለይና የሚናገረውን ሰው ምን ግዴታ ውስጥ እንደሚያስገባው በአጭሩ ለመመርመር አስበናል።

ነገሩን በተለይ ያነሣንበት ምክንያት አለ። ከእንጅባራ፥ ከዳንግላና ከአካባቢያቸው የመጣን ተማሪዎች ብዙዎቻችን በቤታችን አዊኛ እየተናገርን ያደግን ነን፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ትምህርት የሚሰጠው በዚሁ ቋንቋ ነው። አዊኛ ከኩሽ ወገን፥ አማርኛ ከሴም ወገን ስለ ሆኑ፥ ግእዝ ሥር ያላቸውን የአማርኛ ከባድ ቃላት ከእናታችን አፍ አልሰማናቸውም። የሰማናቸው ከቤተ ክርስቲያን፥ ከመማሪያ መጽሐፍ፥ ከሬዲዮና ከመግለጫ ነው። እንዲህ ያለው ቃል ድምፁ አስቀድሞ ይደርሳል፤ ትርጉሙ ግን እስኪጠየቅ ድረስ ወደ ኋላ ይቀራል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የአዊ ልጆች ብቻ አይደለም። በቤቱ አማርኛ የሚናገረውም ተማሪ ቢሆን «ኮነነ» ሲል በምን ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ቢጠየቅ ወዲያው መልስ የሚያገኝ አይመስለንም።

ሀ) የግሡ ሥር

«ኮነነ» የግእዝ ግሥ ነው። በግእዙ አጻጻፍ «ኰነነ» ሲሆን፥ በቅኔ ቤት አረባብ «ኰነነ፥ ይኴንን፥ ይኰንን» እያለ የ«ቀደሰ»ን ቤት ይከተላል። የመጀመሪያ ትርጉሙ «ፈረደ፥ ዳኘ፥ ገዛ» ማለት ነው። ልብ እንበል፤ በግእዙ ቃሉ ለበጎም ለክፉም የቆመ ነው። በጸሎተ ሃይማኖት ጌታ በሕያዋንና በሙታን ሊፈርድ ዳግመኛ ይመጣል የሚለው ሐሳብ የተነገረው በዚሁ ግሥ ነው። ከሚፈረድባቸው ጋራ የሚፈረድላቸውም ስላሉ፥ በዚያ ቦታ ግሡ ሁለቱንም ወገን ያቅፋል።

ከዚህ ሥር የወጡ ቃላት ዛሬም በአፋችን ላይ ናቸው፤ ዘመድ መሆናቸውን ግን ረስተነዋል። «መኮንን» የዚህ ግሥ ልጅ ነው፤ ፈራጅ፥ አገረ ገዥ ማለት ነበር። ብዙ ቁጥሩ «መኳንንት» ነው። በጥንቱ አስተዳደር አገር የሚገዛውና ችሎት ተቀምጦ የሚፈርደው አንድ ሰው ስለ ነበር፥ አንድ ቃል ሁለቱንም ሥራ ሸፈነ። በኋላ ጊዜ ዳኝነቱ ወደ ሌላ ሲሄድ ስሙ ከማዕረጉ ጋራ ቀረና «የጦር መኮንን»፥ «የፖሊስ መኮንን» እንላለን። «ኩነኔ»ም የዚሁ ቤተ ሰብ ነው፤ በግእዙ ፍርድ ማለት ሲሆን በአማርኛው የገሃነም ፍርድ ሆኖ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ለጽሕፈት ሠራተኞቻችን አንዲት ማሳሰቢያ እናስገባለን። «መኮነን» ማለት ፍርድ መስጠት፥ መንቀፍ ነው፤ «መኮንን» ማለት ባለ ማዕረግ ነው። ልዩነቱ በሦስተኛይቱ ፊደል ላይ ብቻ ነው፤ አንዱ በ«ነ»፥ ሌላው በ«ን» ይጻፋል። አንድ ፊደል የሳተ መግለጫ አንባቢውን ማሳቁ አይቀርም።

ለ) ግሡ ወደ አማርኛ ሲገባ

ግእዝ በአማርኛ ውስጥ ሲያልፍ ብዙ ቃላት ይሰፋሉ፤ ብዙዎችም ይጠባሉ። «ኮነነ» ከጠበቡት ወገን ነው። ከሁለቱ የፍርድ ፊቶች አንዱን ጥሎ አንዱን ብቻ ይዞ ቀርቷል። ይህን ለመረዳት ከ«ፈረደ» ጋራ ማነጻጸር ይበቃል። «ፈረደ» እንደ ተከታዩ ይለዋወጣል፤ «ፈረደለት» ስንል ረታ፥ «ፈረደበት» ስንል ተረታ ማለታችን ነው። ዳኛው ከመናገሩ በፊት ሁለቱም መንገድ ክፍት ናቸው። «ኮነነ» ግን ይህን አይቀበልም። «ኮነነው» ካልን ነገሩ አልቋል፤ «ኮነነለት» ብሎ ነጻ ማውጣት በአማርኛችን የለም። በሌላ አነጋገር አማርኛው «ኮነነ» ችሎቱን ሁሉ አልፎ የመጨረሻውን ቃል ብቻ የያዘ ግሥ ነው፤ ይኸውም ጥፋተኛ የሚለው ቃል ነው።

ሕዝቡ ደግሞ ቃሉን በ«ጽድቅና ኩነኔ» ጥንድነት ያውቀዋል። «ኩነኔ ነው» ሲባል ነውርም ኃጢአትም ማለት ነው፤ «ተኮነነ» ሲባልም አስቀድሞ የሚታሰበው የነፍስ ፍርድ ነው። ስለዚህ ዘመናዊው ጽሕፈት ይህን ግሥ ለመንግሥታት መግለጫ፥ ለማኅበራት ውሳኔና ለጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ ሲወስደው፥ ባዶ ዕቃ አላገኘም። የዳኛው ወንበርም የሰማዩ ፍርድም በቃሉ ውስጥ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። «ድርጊቱን እንኮንናለን» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ባያውቀውም በሁለቱ ፊት ቆሞ ነው የሚጽፈው።

ሐ) ከዘመዶቹ ጋራ ሲነጻጸር

አማርኛ ሰውን በቃል ለመምታት ብዙ በትር አለው፤ በትሮቹ ግን እኩል አይደሉም። ለምሳሌ ያኽል በዳንግላ ገበያ አንድ የእህል ነጋዴ ሚዛን አጎደለ እንበል። አንዱን ጥፋት ይዘን በግሦቹ በኩል እንለፍ።

ጎረቤቶቹ እርሱ በሌለበት ነገሩን ቢያወሩ «አሙት» ይባላል። ሐሜት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ፊት አይቆምም፤ ስለዚህ መልስም አያገኝም።

ወዳጁ ቤቱ ድረስ ሄዶ «ከአንተ ይህን አልጠብቅም ነበር» ቢለው «ወቀሰው» ይባላል። ወቀሳ ዝምድና ይፈልጋል። የማናውቀውን ሰው አንወቅስም፤ ወቀሳ የሚጎዳውም ከቅርብ ሰው ስለሚመጣ ነው።

የንስሐ አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ቢቆጣው «ገሠጸው» ይባላል። ተግሣጽ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ ዓላማውም ማረም ነው። ልጅ አባቱን ገሠጸ ቢባል ጆሮን ይጎረብጣል፤ ሰዋስው የማያውቅ ሰው እንኳ ስሕተቱን ይሰማዋል።

ገዢው በአደባባይ «ሚዛንህ ልክ አይደለም» ቢል «ነቀፈው» ይባላል። ለመንቀፍ ማዕረግም ዝምድናም አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። መጽሐፍ ይነቀፋል፤ ሥራ ይነቀፋል፤ ሐሳብም ይነቀፋል። ነቃፊው መልካሙንና ክፉውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ከመረመረ ደግሞ «ተቸ» ወይም «ሂስ ሰጠ» ይባላል።

ገዢው ቁጣው ገንፍሎ «አንተ ሌባ የሌባ ልጅ» ቢለው «ዘለፈው» ይባላል። በግእዙ «ዘለፈ» ገሠጸ፥ ጥፋትን በፊት ለፊት አስረዳ ማለት ሲሆን፥ በአማርኛው ወደ ስድብ ወርዷል። የዘለፋ ምልክቱ ከሚዛኑ ተነሥቶ ወደ ትውልድ መሻገሩ ነው።

ገዢው ወደ ዳኛ ሄዶ ነገሩን ቢያመለክት «ከሰሰው» ይባላል። ከሳሽ ጥፋተኛ ነው ይላል እንጂ ጥፋተኛ መሆኑን አይወስንም።

ዳኛው ሁለቱን ወገን ሰምቶ፥ ሚዛኑን አስመጥቶ፥ ምስክር ጠይቆ «አጥፍተሃል» ሲል፥ ያን ጊዜ ነው በትክክለኛ ትርጉሙ «ኮነነው» የሚባለው።

ከዚህ አልፎ ማኅበሩ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ከመካከሉ ቢለየው «አወገዘው» ይባላል። ይህ ግሥ ዛሬ በዜና ላይ ከ«ኮነነ» ጋራ እየተደባለቀ ስለ መጣ ጥቂት እንቆይበት። «አወገዘ» ከግእዙ «ወገዘ» የመጣ ነው። ከ«ወለደ» «ልደት»፥ ከ«ወረደ» «ርደት» እንደሚወጣ፥ ከ«ወገዘ»ም «ወ»ን ጥሎ «ግዘት» ይወጣል፤ ሕዝቡ «ግዝት» የሚለው ይኸው ነው። ግዝት ፍርድ ብቻ አይደለም፤ ኅብረት መቁረጥ ነው፤ ሥልጣን ያለው አካልም ይጠይቃል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ባደረጉ ጊዜ፥ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ለለውጡ ድጋፍ ሰልፍ ሲወጡ፥ የፓትርያርኩ የአቡነ ባስልዮስ የውግዘት ቃል ደግሞ በወረቀት ታትሞ ከአውሮፕላን በአዲስ አበባ ላይ ተበትኗል። ያ ወረቀት የሠራው ሥራ ከመንቀፍ የተለየ ነበር፤ አንባቢውን ከአመፀኞቹ ጋራ ያለውን ኅብረት እንዲቆርጥ ያዘው ነበር። እንዲሁም በጥር 2015 ዓ.ም. ቅዱስ ሲኖዶስ ያለ እርሱ ፈቃድ ጳጳሳትን የሾሙትን ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ባወገዘ ጊዜ፥ ቃሉ ትክክለኛ ቦታውን ይዞ ነበር። ግዝት ሲታረቁ ይፈታል፤ «ግዝት ፈታ» የሚባለውም ስለዚህ ነው። የተማሪ ማኅበር ግን ማንንም ከምን ሊለይ ነው? የሚቆርጠው ኅብረት የሌለው አካል «አወገዝኩ» ቢል ቃሉ ከአፉ ሳይርቅ ይወድቃል።

በመጨረሻም «ረገመ» አለ፤ ይህ ነገሩን ከሰው እጅ አውጥቶ ለእግዚአብሔር መስጠት ነውና ከመግለጫ ጸሐፊ ሥራ ውጭ ነው።

መ) ተረቱ የሚያስተምረን

የአማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ ስለዚህ ግሥ ያለውን ዕውቀት ሁሉ በአራት ቃላት ጠቅልሎታል፦ «ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ»። እስቲ እንፍታው።

«በኮነነኝ» የሚለው «በ» የምኞት «በ» ነው፤ «ምነው ዝናም በዘነበ» እንደምንለው ነው። ተናጋሪው መጽደቅን ተስፋ ቆርጧል። ምኞቱ ሌላ ነው፤ መኮነኑ ካልቀረ በቅጡ ይሁንልኝ ይላል። «ቅጥ» ማለት መልክ፥ ሥርዐት፥ ልክ ማለት ነው፤ ነገር ሲበላሽ «ቅጥ አምባሩ ጠፋ» የምንለው ይህን ነው። እንግዲህ ተረቱ ኩነኔም ቅጥ አለው፥ ቅጡ የጠፋ ኩነኔ ከኩነኔው ይልቅ ይከፋል ይላል። ሰው ጥፋተኛ መባልን ሊሸከም ይችላል፤ ሳይሰማ፥ ምን እንዳጠፋ ሳይነገረው፥ ከልኩ በላይ መባልን ግን አይሸከምም።

ቅጡ ምንድን ነው? ከግሡ ሥር ብንነሣ አራት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፥ ድርጊቱ በስሙ ይጠራ። ሁለተኛ፥ አድራጊው ይታወቅ። ሦስተኛ፥ ማስረጃ ይቅረብ፤ የተከሰሰውም ይሰማ። አራተኛ፥ ቃሉ ከጥፋቱ ልክ አይለፍ።

ይህ ከፈረንጅ ሕግ የተቀዳ ብቻ የሚመስለው ቢኖር ወደ አገራችን ሽምግልና ይመልከት። በአዊ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚያከብረው በዓልና በፈረስ ጉግሱ ይታወቃል፤ ነገር ግን የተጣሉትን ማስታረቅም ከሥራው አንዱ ነው። ሽማግሎች ሲቀመጡ ተጣዪዎቹ በየተራ ይናገራሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ ጥፋቱ ተለይቶ ይነገራል፤ ካሳውም በጥፋቱ መጠን ይቆረጣል። ዓላማቸው ሰዎቹ ነገ በአንድ ገበያ እንዲገናኙ፥ በአንድ ማኅበር እንዲጠጡ ስለ ሆነ፥ ጥፋቱን ከሰውየው ለይተው ይፈርዱበታል። እኛ በአዳራሽ ውስጥ የምንቀመጥ ተማሪዎችም ነገ በአንድ ክፍል የምንማር ነን።

ሠ) በታሪክ ውስጥ

ቅጡ ሲጠበቅና ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከገዛ ታሪካችን ሦስት ምሳሌ እናንሣ።

የመጀመሪያው ከጎጃም ነው። ዛሬ አዊ የምንለው አገር ያን ጊዜ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር አገው ምድር የሚባል አውራጃ ነበር። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬዎች በብዙ ወረዳ ተቃወሙ። ጠመንጃ የተነሣበት ቦታ ቢኖርም፥ ለግሣችን ትምህርት የሚሆነው አቤቱታው ነው። ገበሬዎቹ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ እየላኩ የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ የደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አስተዳደር ከሰሱ። አድራጊውን በስሙ ጠሩ፤ በደሉንም ነገሩ፤ ፍርዱን ግን ለዳኛ ተዉት። መፍትሔው ዘግይቶ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ቢመጣም፥ ገዥው ከጎጃም ተነሥተዋል። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ በ«ከሰሰ» እና በ«ኮነነ» መካከል ያለውን ድንበር ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ከጄኔቭ ነው። ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራ ስትጀምር ኢትዮጵያ በመንግሥታት ማኅበር ከሰሰች። የማኅበሩ ምክር ቤት መስከረም 26 ቀን ኢጣሊያ ቃል ኪዳኑን ጥሳ ጦርነት ከፍታለች ብሎ ወሰነ። ድርጊቱም፥ አድራጊውም፥ የተጣሰው ሕግም ተለይቷል፤ እስከዚህ ድረስ ኩነኔው በቅጡ ነው። ነገር ግን በተወሰነው የንግድ ማዕቀብ ውስጥ ነዳጅ ዘይት አልገባም፤ የስዊዝ ቦይም ለጦር መርከቦቹ ክፍት ሆኖ ቀረ። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን በጉባኤው ፊት ቆመው ቢናገሩም፥ በዚያው ክረምት ማዕቀቡ ተነሣ። ከዚህ የምንማረው ኩነኔ ጅራት እንዳለው ነው። ፈርዶ የማያስፈጽም ዳኛ ለተበደለው አልረዳም፤ በዳዩን ግን የፍርድን ርካሽነት አስተምሮታል።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን የቀድሞዎቹን ባለሥልጣናት ጉዳይ እየመረመረ ሳለ፥ ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ፍርድ ቤት ገደለ። ከመካከላቸው መኳንንትና የጦር መኮንኖች ይበዙ ነበር። ቃላችን ወደ ሥሩ ተመልሶ ባለቤቶቹን በላ ማለት ይቻላል፤ መኳንንቱ ተኮነኑ፥ ነገር ግን በቅጡ አልተኮነኑም። አንዳንዶቹ በእርግጥ በደል ሠርተው ይሆናል። ምርመራው ሳያልቅ ስለ ተገደሉ ግን ማን ምን እንዳደረገ በፍርድ ሳይለይ ቀረ፤ የተበደለውም ሕዝብ መልሱን አጣ። ከጥቂት ዓመት በኋላ፥ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፥ ያው ልማድ ወደ ወጣቱ ዞረ። «ፀረ አብዮት»፥ «አናርኪስት» የሚል ስም መለጠፍ ክስም፥ ምስክርም፥ ፍርድም ሆኖ አገለገለ። በዚያ ቀይ ሽብር ካለቁት መካከል ተማሪዎች ብዙ ነበሩ።

ታሪኩ እዚህ ላይ አያበቃም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ባለሥልጣኖቹ በ1987 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ክርክሩ 12 ዓመት ፈጅቶ በ1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባሉ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደግሞ በሌሉበት። የጊዜው ርዝመት ብዙ ሰው አስቆጥቷል፤ ቁጣውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ይሁን እንጂ ለሌላው አንዲት ቀን እንኳ ችሎት የነፈጉ ሰዎች ራሳቸው ጠበቃ አቁመው ተሰሙ። ዛሬ ስለ ኅዳር 1967 ማን እንዳዘዘና ማን እንደ ፈጸመ በፍርድ መዝገብ የምናነበው በዚህ ምክንያት ነው። በቅጡ የተኮነነ ሰው ታሪኩን ትቶልን ይሄዳል፤ ያለ ቅጥ የተኮነነ ግን ጥያቄውን ብቻ ይተውልናል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ሊቆጠር እንደማይገባ የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ረ) እንግዲህ እንዴት እንጠቀምበት?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ታዲያ ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ አፋችንን እንዝጋ ነው የምትሉት?» ይሉ ይሆናል። አይደለም። ዝምታም ለበዳይ ምስክር ይሆናል። እኛ የምንለው ግሡ ሦስት ዓይነት ተሳቢ ሊይዝ ስለሚችል ሦስቱን እንለይ ነው።

ድርጊትን ለመኮነን የታመነ ምስክር ይበቃል። ንጹሕ ሰው መገደሉ፥ ቤት መቃጠሉ፥ ገበሬ መፈናቀሉ ከታወቀ፥ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅም «ግድያውን እንኮንናለን» ማለት ትክክል ነው፤ መዘግየትም አይገባም። ሰውን ለመኮነን ግን መስማት ያስፈልጋል። እስኪሰማ ድረስ «ይጠየቅ»፥ «ይመርመር»፥ «እንከሳለን» የሚሉ በቂ ቃላት አሉን። ሕዝብን መኮነን ደግሞ በማናቸውም ሁኔታ አይቻልም። ሕዝብ በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆሞ አይጠየቅም፤ ምስክር አይሰማበትም፤ መልስም አይሰጥም። ስለዚህ «እነ እገሌ» ብሎ አንድን ብሔር ወይም አንድን ሃይማኖት የኮነነ ሰው ያለ ችሎት ፈርዷል። በየግቢው ድንጋይ የተወራወሩ ተማሪዎችን ነገር መርምሮ ለተመለከተ፥ ከድንጋዩ በፊት እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር መወርወሩን ያገኛል።

ጥቂት ምሳሌዎች እንስጥ። «ሁኔታውን እንኮንናለን» የሚለው ባዶ ነው፤ ሁኔታ አያጠፋም፥ ሰው ነው የሚያጠፋ። «በተማሪዎች ላይ የደረሰውን ድብደባ እንኮንናለን፤ ደብዳቢዎቹም ተለይተው ለሕግ እንዲቀርቡ እንጠይቃለን» ቢባል ግሡ ሥራውን ይሠራል። «ድርጊቱ ተኮንኗል» የሚለው ደግሞ ኮናኙን ይደብቃል፤ ዳኛ ስሙን አይሸሽግም፥ ፊርማውን ያኖራል። «የምግብ ቤቱን አሠራር እንኮንናለን» ማለትም ልክ ማለፍ ነው፤ ወጥ ቢቀጥን ይነቀፋል እንጂ አይኮነንም። እንዲሁም «አጥብቀን እንኮንናለን»፥ «በጥብቅ እንኮንናለን» የሚለው ልማድ ቢቀር መልካም ነው። ኩነኔ በራሱ የመጨረሻው ቃል ስለ ሆነ ማጥበቂያ አይሻም፤ ማጥበቂያ ያስፈለገው ቃሉን በየቀኑ ስላላላነው ነው። «ኮነነ»ን ለወጥ የጨረስን እንደ ሆነ ለደም ምን ቃል ይቀረናል?

ከዚህ ጋራ ሌሎቹን ግሦች ወደ ቤታቸው እንመልሳቸው። ጓደኛችን ሲሳሳት እንውቀሰው፤ ሥራ ሲበላሽ እንንቀፍ፤ ጽሑፍ ሲቀርብልን እንተች፤ በደል ሲደርስ እንክሰስ። «ኮነነ»ን ለሚገባው ቀን እናቆየው። ቀኑ ሲመጣም ድርጊቱን በስሙ ጠርተን፥ ማስረጃውን ይዘን፥ ስማችንን ፈርመን፥ ነገሩ እስኪፈጸም ድረስ የምንከታተል ሆነን እንኮንን።

ይህ የአነጋገር ጨዋነት ብቻ የሚመስለው ካለ ተረቱን ደግሞ ያስብ። ዛሬ በሰሌዳ ላይ ስሙ ተለጥፎ የሚያድረው ሌላ ሰው ነው፤ ነገ ግን ማን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። ለጽድቅ ዋስትና ልንሰጣጥ አንችልም። በቅጡ ለመኮነን ግን ዋስትና ልንሰጣጥ እንችላለን፤ ዋስትናውም የሚጀምረው ከቃሉ አያያዝ ነው እንላለን።